አረሩን ከግርጌው ማንበብ፦ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመድፍ ጥይቶች እንዴት ይለያሉ?

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፈ የመድፍ አረር ያላየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሹል ጫፉ ላይ ነው። የለመደ ሰብሳቢ ግን ወደ ግርጌው ዞሮ ይመለከታል። ማን እንደሠራው፣ የትኛው ወገን፣ ሰሜኑ ወይስ ደቡቡ፣ እንደተኮሰው፣ አንዳንዴም ከምን ዓይነት መድፍ እንደወጣ የሚናገረው ግርጌው ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው፣ የዚያን ዘመን መሐንዲሶች እንቅልፍ የነሳቸውን አንድ ችግር ማወቅ ይበቃል። (ዓመታቱም ቀናቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጦርነቱ በ1861 ሲጀመር አብዛኛው መድፍ ውስጡ ልሙጥ ነበር። ድብልብል የብረት አረር ከአፈሙዙ ይጎርሳል፤ ባሩዱ ሲቀጣጠል አረሩ ከወዲያ ወዲህ እየተላተመ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚያጋድል አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ተቀርጾለት ጥይቱ ቦዩን ተከትሎ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። እንዝርት ቀጥ ብሎ የሚቆመው እስከሾረ ድረስ እንደሆነ ሁሉ፣ እየሾረ የሚወጣ ጥይትም ጫፉን አቅንቶ ይጓዛል። ድብልብል መሆኑም ይቀርና ረዘም ያለ፣ ክብደት ያለው፣ ራቅ ብሎ የሚመታ ይሆናል።

ችግሩ እነዚህ መድፎች አሁንም የሚጎርሱት በአፈሙዛቸው በኩል መሆኑ ላይ ነው። ጥይቱ በቀላሉ እንዲገባ ከቱቦው ትንሽ መቅጠን አለበት፤ ሲወጣ ደግሞ ቦዩን አጥብቆ መያዝ አለበት። ሲገባ ላልቶ ሲወጣ የሚጠብቅ ነገር ከየት ይመጣል? የተገኘው መላ ጥይቱ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከግርጌው፣ ከብረቱ የለሰለሰ አካል ማሰር ነበር። ባሩዱ ሲፈነዳ ይህ አካል በግፊቱ ይሰፋና ቦዩ ውስጥ ይነከሳል። ስሙ ሳቦት ነው። ከእርሳስ፣ ከመዳብ፣ ከናስ፣ ከተቀጠቀጠ ብረት፣ ከወረቀት ድቃቅ ሳይቀር ተሠርቷል። እያንዳንዱ ፈልሳፊ የራሱን ሳቦት ይዞ ቀረበ፣ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፣ ለመንግሥት ሸጠ። ዛሬ ጥይቶቹ ፓሮት፣ ሆችኪስ፣ ሼንክል፣ ሪድ እየተባሉ በሰው ስም የሚጠሩት ለዚህ ነው።

መላው ሲሠራ ምን እንዳስከተለ በጆርጂያ ባሕር ዳርቻ ያለው ፎርት ፑላስኪ ይመሰክራል። ግንቡ 2.3 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የሸክላ ጡብ ነው። የልሙጥ መድፍ አረር ከታይቢ ደሴት ተተኩሶ፣ ማለትም ከአንድ ማይል ርቀት፣ ይህን ግንብ ይበሳል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ የደቡቡ ጄኔራል ሮበርት ሊ ሳይቀሩ የምሽጉን አዛዥ እንዲያ ብለው አጽናንተው ነበር። ሚያዝያ 10 ቀን 1862 የሰሜኑ ጦር መሐንዲስ ኩዊንሲ ጊልሞር ከታይቢ ባለ ቦይ መድፎቹን አስተኮሰ። በ30 ሰዓት ውስጥ ግንቡ ተበሳ፤ አረሮቹ አልፈው ወደ ባሩድ ቤቱ መድረስ ሲጀምሩ ምሽጉ እጁን ሰጠ። ዛሬም ጡቡ ውስጥ እንደተቀረቀሩ የሚታዩ አረሮች አሉ።

ወደ ግርጌው እንመለስና፣ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሆችኪስ ነው። ከሰሜኑ ወገን የሜዳ መድፍ ጥይቶች ዛሬም በብዛት ከሚገኙት አንዱ ስለሆነ ጀማሪ በሆችኪስ ቢጀምር ይቀለዋል። ጥይቱ ሦስት ክፍል አለው፤ ባሩድ የያዘው የፊት አካል፣ ከኋላ ጎድጓዳ የብረት ግርጌ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የእርሳስ መቀነት። ባሩዱ ሲፈነዳ ግርጌው ወደፊት ይገፋል፤ መሃል የተያዘው እርሳስ መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ወጥቶ ቦዩን ይይዛል። ስለዚህ በግርጌውና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ብሎ ከታየ ጥይቱ አልተተኮሰም፤ ተጠጋግቶ እርሳሱ የቦይ አሻራ ይዞ ከተገኘ ተተኩሷል። እርሳሱ ተገንጥሎ የጠፋበትም ይገኛል፤ ያኔ መሃሉ ላይ የተራቆተ ወገብ ይታያል። ያ የተገነጠለ እርሳስ ከፊት በተሰለፈው የገዛ ወገን እግረኛ ላይ ይወድቅ ስለነበር ከኋላ ተኩሶ ማሳለፍ አደጋ ነበረው።

ፈልሳፊው ቤንጃሚን ሆችኪስ የኮነቲከት ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ኩባንያ አቋቋመ፣ በ1885 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ከሞተ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1896 አድዋ ላይ ከተሰለፉት የምኒልክ መድፎች መካከል የዚያ ኩባንያ ሥራዎች ነበሩ። ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ወደ እኛ የመጣው ግን መድፍ ብቻ አይደለም። በ1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስና ራስ አሉላ ድል ባደረጉት የግብፅ ሠራዊት ውስጥ የኤታማዦር ሹም ሆኖ የመጣው ዊሊያም ሎሪንግ የደቡቡ ወገን ጄኔራል የነበረ ሰው ነው። የሁለቱም ወገን መኮንኖች ሥራ ሲያጡ ለኸዲቩ፣ ማለትም ለግብፅ ገዥ፣ ተቀጥረው ነበር።

ፓሮትን ለመለየት ብዙም አያስቸግርም። ሮበርት ፓሮት በኒውዮርክ ኮልድ ስፕሪንግ የነበረው የዌስት ፖይንት ብረት ማቅለጫ ኃላፊ ነበር፤ መድፉንም ጥይቱንም የሠራው እሱ ነው። ጥይቱ ከግርጌው ዙሪያ ቀለበት አለው፤ ወይ የተቀጠቀጠ ብረት፣ ወይ ናስ። ቀለበቱ አልሰፋ ብሎ ጥይቱ ሳይሾር እየተገለባበጠ የሚወጣበት ጊዜ ስለነበር ተኳሾች ከማጉረሳቸው በፊት የቀለበቱን ጠርዝ በመሮ ፈልቀቅ ያደርጉት ነበር። መድፉ ራሱም ጠባየኛ ነበር። ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት ተሠርቶ ከኋላው ወፍራም የብረት ቀለበት የተጠመጠመበት ነው፤ ቀለበቱ የሌለበት የቱቦ ክፍል ግን ትላልቆቹ ላይ ይፈነዳ ነበር። በነሐሴ 1863 ረግረጉ ላይ ቆሞ ቻርለስተን ከተማን የደበደበው፣ ወታደሮች የረግረጉ መልአክ ያሉት ባለ 8 ኢንች ፓሮት በ36ኛው ተኩስ ፈነዳ።

ሼንክል ሌላ ዓለም ነው። የቦስተኑ ጆን ሼንክል ጥይቱን ከኋላ እየቀጠነ የሚሄድ ሾጣጣ አደረገው፤ በሾጣጣው ላይ ከፍ ከፍ ያሉ መስመሮች አሉ። ሳቦቱ ከወረቀት ድቃቅ የተሠራ ቀለበት ነበር። ግፊቱ ወረቀቱን ወደ ወፍራሙ በኩል ይገፋዋል፣ ይሰፋል፣ ቦዩን ይይዛል፣ ከአፈሙዙ ሲወጣ ደቅቆ ይበተናል። የገዛ ወታደሩን የሚመታ ስባሪ የለም። በእኔ እይታ ከሁሉም በሐሳብ የላቀው ይህ ነበር፤ ሆኖም ወረቀት እርጥበት ሲነካው ስለሚያብጥ ጥይቱ አልገባ ይላል። ከመሬት የሚወጣ ሼንክል ወረቀቱ በስብሶ ስለሚያልቅ ራቁቱን ነው የሚገኘው። መስመር ያለው ሾጣጣ ጅራት ከታየ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በደቡቡ በኩል ዋናው ስም የአላባማው ሐኪም ጆን ሪድ ነው። ሳቦቱ ከመዳብ ወይም ከተቀጠቀጠ ብረት ተሠርቶ ጥይቱ በሚቀለጥበት ጊዜ አብሮ ግርጌው ላይ ይጣበቃል። ሙሌን የሚባለው የደቡብ ጥይት ደግሞ የመዳብ ሳህን ከግርጌው በብሎን የታሰረበት ነው፤ ሳህኑ ወድቆ ከሆነ መሃሉ ላይ የብሎኑ፣ ዙሪያውን የትንንሽ ካስማዎች ቀዳዳ ይቀራል። ከእንግሊዝ የመጣው የጆሴፍ ዊትዎርዝ መድፍ ግን ሳቦት የሚባል ነገር አያስፈልገውም። የቱቦው ቅርጽ ራሱ ስድስት ማዕዘን ያለውና የተጠማዘዘ ነው፤ ጥይቱም እንዲሁ። ጌቲስበርግ ላይ ደቡቦቹ ሁለቱን ይዘው ነበር። ስድስት ጎን ያለው 2.75 ኢንች አረር ያገኘ ሰው በደስታ ቢጮህ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ሥራ መለካት ነው፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። በድሮው ልማድ መድፍ የሚሰየመው በሚተኩሰው ድብልብል አረር ክብደት ነበር። ባለ 6 ፓውንድ ልሙጥ መድፍ ወርዱ፣ ማለትም የቱቦው የውስጥ ስፋት፣ 3.67 ኢንች ነው። ባለ 20 ፓውንድ ፓሮት ስንት ይሆን ቢባል መልሱ ያው 3.67 ኢንች ነው። ወርዱ ሳይለወጥ ጥይቱ ስለረዘመ ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ ሻጭ በፓውንድ ቢናገርም እናንተ ወርዱን በካሊፐር (ውፍረት በሚለካ ባለ ሁለት መንጋጋ መለኪያ) ለኩ፤ የምትለኩትም ሳቦቱ ሰፍቶ ሊሆን ስለሚችል አካሉን ይሁን። ዝገት የበላው ጥይት ከትክክለኛው ቀጥኖ፣ ዝገት የተከመረበት ወፍሮ ስለሚገኝ ከአንድ ቦታ በላይ መለካት ደግ ነው። በሜዳ መድፍ ብዙ የሚያጋጥሙት ወርዶች 2.9፣ 3፣ 3.67 እና 3.8 ኢንች ናቸው፤ ከዚያ በላይ ባለ 30 ፓውንዱ ፓሮት 4.2፣ ባለ 100 ፓውንዱ 6.4 ኢንች ናቸው። ጥይቱ ከመድፉ ትንሽ ስለሚቀጥን ልኬቱ ከእነዚህ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል።

በ2.9 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ግን ሰው ያስጨርሳል። የመጀመሪያው ባለ 10 ፓውንድ ፓሮት 2.9 ነበር፤ ጎኑ የሚሰለፈው ከተቀጠቀጠ ብረት የተሠራው የሠራዊቱ መድፍ ግን 3 ኢንች ነው። የአንዱ ጥይት በስህተት ለሌላው ከተላከ ወይ አይገባም ወይ ላልቶ አይሾርም። ፓሮት በ1863 መድፉን ወደ 3 ኢንች ያሰፋው ለዚህ ነው።

ከተተኮሰ ጥይት የሚገኘው ትልቁ ደስታ የቦይ አሻራውን መቁጠር ነው። ባለ 10 ፓውንዱ ፓሮት ቦዩ ሦስት፣ ባለ 20 ፓውንዱ አምስት፣ ባለ 3 ኢንቹ የተቀጠቀጠ ብረት መድፍ ሰባት ነው። እንግዲህ ሁለት ተመሳሳይ የሆችኪስ ጥይቶች ተገኝተው አንዱ እርሳሱ ላይ ሦስት ሰፋፊ ጉብታ፣ ሌላው ሰባት ቢያሳዩ ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው በሁለት ዓይነት መድፍ ተተኩሰዋል ማለት ነው። የጦር መዝገብ የትኛው ባትሪ (የመድፈኞች ክፍል) ምን መድፍ ይዞ የት እንደቆመ ስለሚጽፍ፣ ጥይቱ የተገኘበት ቦታ በትክክል ከታወቀ የተኮሰውን ባትሪ እስከ መገመት ይደረሳል። የተገኘበት ቦታ የጠፋበት አረር ይህን ሁሉ አብሮ ያጣል። ሻጮች «ከቨርጂኒያ የወጣ» ብለው ሲያልፉት የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ጫፉ ላይ ያለው ፊውዝ፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ባሩድ የሚለኩሰው፣ ሦስተኛው ምስክር ነው። ሁለት ዓይነት አለ፤ ሲመታ የሚፈነዳና ጊዜ ቆጥሮ የሚፈነዳ። ጊዜ ቆጣሪው ብዙውን ጊዜ ባሩድ የተጠቀለለበት ወረቀት ሆኖ በናስ፣ በዚንክ፣ በመዳብ ወይም በእንጨት ማቀፊያ ውስጥ ይገባል። በልሙጥ መድፍ ዘመን ይህን የሚለኩሰው በአረሩና በቱቦው መካከል ባለው ክፍተት አልፎ ወደፊት የሚሾልከው ነበልባል ነበር። ሳቦት ያንን ክፍተት ሲዘጋው ነበልባሉም ቀረ። ጥይቱ እየበረረ ሄዶ ሳይፈነዳ መሬት ውስጥ ይቀበራል። አንዳንድ ሆችኪሶች እርሳሳቸው ላይ ከላይ ወደታች የወረዱ ሦስት ጎድጓዳ መስመሮች ያሏቸው ለዚህ ነው፤ ነበልባሉ እንዲያልፍ የተተወለት መንገድ ነው። ጀማሪ የቦይ አሻራ ይመስለዋል፤ አይደለም።

በደቡቡ በኩል የፊውዝና የጥይት ሥራ ባብዛኛው በሴቶችና በልጃገረዶች እጅ ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1863 ሪችመንድ ውስጥ ብራውንስ በሚባለው ደሴት ላይ የነበረው ፋብሪካ ፈንድቶ ከ40 በላይ ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሰብሳቢዎች ስለ ማቀፊያው ብረት ዓይነት ብዙ ያወራሉ፤ ስለሞሉት እጆች የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

ወገኑን ለመለየት ሌላም ምልክት አለ። የደቡብ ፋብሪካዎች ማሽንም ብረትም ያንሳቸው ስለነበር ጥይታቸው ሻካራ ነው፤ ቱቦውን የሚነኩት ሁለት ቀለበታማ ክፍሎች ብቻ በማሽን ተልገው መሃሉ እንደፈሰሰ ይተዋል። ውስጡ ጥይት ተሞልቶ አየር ላይ የሚበተነው ዓይነት ደግሞ በሰሜኑ በእርሳስ ፍሬ ሲሞላ፣ ደቡቦቹ እርሳስ ስላነሳቸው ብዙ ጊዜ የብረት ፍሬ ይጨምሩ ነበር። ፍሬዎቹ እንዳይንቀሳቀሱ በድኝ ወይም በዛፍ ሙጫ ይጣበቃሉ። በኅዳር 1863 ከቻታኑጋ ሽንፈት በኋላ የቴነሲ የመዳብ ማዕድን ከእጃቸው ሲወጣ የተረፈው መዳብ የጠመንጃን ባሩድ ለሚለኩሰው ትንሽ ካፕሱል ተቆጠበ።

አሁን መዝለል የማይቻለው ነገር። ያልፈነዳ አረር ዛሬም ፈንጂ ነው። ጥቁር ባሩድ ዓመት ስለቆጠረ አይሞትም፤ የራሰውም ሲደርቅ ኃይሉን ሊያገኝ ይችላል። የጥይት ፈልሳፊው ቻርለስ ጄምስ፣ የሮድ አይላንድ ሴናተር የነበረ ሰው፣ የሞተው በገዛ ጥይቱ ነው፤ በጥቅምት 1862 ሳግ ሃርበር ላይ አንድ ሠራተኛ ከአንዱ ጥይት ላይ ክዳኑን ሊፈታ ሲታገል ፈነዳ። ሠራተኛው ወዲያው፣ ጄምስ በማግሥቱ ሞቱ። በየካቲት 2008 ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ለዓመታት ጥይት በማጽዳት የሚታወቅ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ግቢ የባሕር ኃይል አረር ሲያጸዳ ፈንድቶ ገደለው፤ ስባሪው ከአራት መቶ ሜትር ያህል ርቆ የሌላ ሰው ቤት ላይ ወደቀ። ያ ሰው ጀማሪ አልነበረም። በየካቲት 2023 ጌቲስበርግ ሊትል ራውንድ ቶፕ ላይ የተገኘውን የፓሮት ጥይት የጦር ሠራዊት ፈንጂ አምካኞች ወስደው አጠፉት።

ስለዚህ ከመሬት ወይም ከባሕር ዳርቻ አረር ያገኘ ሰው (በ2016 ማቲው የተባለው አውሎ ነፋስ በደቡብ ካሮላይና ፎሊ ቢች ላይ ብዙ ገልጦ ነበር) አያንሳው፣ አይቧጭረው፣ መኪናው ውስጥ አይጫነው፤ ርቆ ለፖሊስ ይደውል። የሚገዛ ሰው ደግሞ ባሩዱ በባለሙያ የወጣለትን ብቻ ይግዛ። እንዲህ ያለው ጥይት ብዙውን ጊዜ ሆዱ ድረስ የዘለቀ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ከሆነ ማን መቼ እንዳወጣው የሚል ጽሑፍ ይጠየቅ። በቃል «ባዶ ነው» የሚለው አያጠግብም። ድፍን የሆነ፣ ባሩድ የማይይዝ ዓይነትም አለ፤ ያንን ግን በዓይን ብቻ ድፍን ነው ብሎ መፍረድ የጀማሪ ሥራ አይደለም።

ሕጉ አጭር ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ብረት መመርመሪያ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ቅርሶች ጥበቃ ሕግ ከፌደራል መሬት ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን፣ ያንን መሸጥና መግዛትንም በወንጀል ይቀጣል። የግል መሬት ላይ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የክፍለ ግዛቱ ሕግም ይጠየቃል።

ሐሰተኛም ሞልቷል። ከእውነተኛ ጥይት ቅርጽ ተወስዶ የፈሰሰ ቅጂ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከእውነተኛው ያንሳል፤ ካሊፐሩ እዚህም ይጠቅማል። ተተኩሷል ተብሎ የቦይ አሻራ የሌለው ሳቦት፣ ሁሉም ቦታ እኩል የሆነ ቀይ ዝገት፣ የአንዱ ፈልሳፊ አካል ከሌላው ፊውዝ ጋር መጋባቱ ሁሉም ያጠራጥራል። የመጨረሻው ሁልጊዜ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ በጦርነቱ ጊዜም ያገኙትን ይገጥሙ ነበር። ከጨው ውሃ የወጣ ብረት ደግሞ ባሩዱ ከወጣ በኋላም ሌላ ጣጣ አለው፤ ውስጡ የገባው ጨው ሲደርቅ ይሰነጥቀዋል፣ እየተቀረፈ ያልቃል። ጨው የማውጣቱ ሥራ ወራት የሚፈጅ የመጠገኛ ቤት ሥራ ስለሆነ ከመግዛት በፊት ተሠርቶለት እንደሆነ መጠየቅ ገንዘብ ያድናል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር አበሻ ሳይገዙ ለመማር ቦታ አይጠፋም። ማናሳስ የጦር ሜዳ በ1861 የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ በባለ 30 ፓውንድ ፓሮት ተኩስ የተከፈተበት ነው፤ አሌክሳንድሪያ ያለው ፎርት ዋርድም ሙዚየም አለው። የመድፉን አፈሙዝ አጎንብሶ ወደ ውስጥ ማየትና ቦዮቹን መቁጠር ማንም አይከለክልም።